ጥቅም ያለው ይውጣ

የኮሚቴያችን ሙሉ ስም በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አልነበረም። ከተማው ግን «ባለቁልፎቹ» ብሎ ገላገለን። በወረርሽኙ ምክንያት ከተዘጉት ቦታዎች የትኛው እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደሚቆይ የምንወስነው እኛ ሰባታችን ነበርን። በየሳምንቱ አንድ ቦታ ይቀርባል፤ እንከራከርበታለን፤ በመጨረሻ እጅ እናወጣለን። የምንሰበሰበው በማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ወንበሮቹ ተራርቀው፣ መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተው፣ ሁላችንም ማስክ አድርገን። ከርቀቱና ከማስኩ የተነሳ በለሆሳስ መናገር የሚባል ነገር ቀርቷል። የነጋዴዎቹ ተወካይ፣ ምስጢር ያለው ሰው እዚህ ኮሚቴ ውስጥ አይግባ እያለ ይቀልድ ነበር፣ ያውም መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

እኔ የገባሁት የከተማው ውሃ ላቦራቶሪ ኃላፊ ስለሆንኩ ነው። ሰብሳቢያችን ምክትል ከንቲባው ነው፤ ምክትል ከንቲባው ደግሞ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ። አዳራሽ ውስጥ «ክቡር ሰብሳቢ» እለዋለሁ፣ «የላቦራቶሪ ኃላፊዋ» ይለኛል። ቤት ሲመጣ «እትዬ» ነኝ።

ባለቤቴ የሞተው በወረርሽኙ ነው። ከኮሚቴው ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ያነሳብኝ ግን የለም፤ እኔም እንዲነሳ ፊት አልሰጠሁም። ወደ ሥራ በተመለስኩ ዕለት ባልደረቦቼ ምን እንደሚሉኝ ጨንቋቸው ሲቁለጨለጩ አይቼ፣ ቀደም ብዬ ስለ ክሎሪን አወራሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ስለ ክሎሪን ያወራል።

ኮሚቴው አንድ ደንብ ነበረው፤ ሰብሳቢው ራሱ ያወጣው፣ አፉን ሞልቶ የሚኮራበት። በቀረበው ቦታ ላይ የግል ጥቅም ያለው አባል፣ ክርክሩም ድምፁም እስኪያልቅ ኮሪደር ላይ ይቆያል። ሰብሳቢው አጀንዳውን አንብቦ «ጥቅም ያለው ይውጣ» ይላል፤ ባለጉዳዩ ተነስቶ ይወጣል። የስታዲየሙ ሥራ አስኪያጅ በእሱ ተራ ወጥቶ ኮሪደሩን ሲለካው ዋለ። ርዕሰ መምህሯ የትምህርት ቤቶቹ ጉዳይ ሲታይ ወጥታ የደረቁትን የኮሪደር አበቦች ውሃ አጠጣች።

ከዚያ የመጠጥ ቤቶች ተራ ደረሰ። የነጋዴዎቹን ተወካይ ከተማው «ጠርሙሱ» ይለዋል፤ በዋናው መንገድ ካሉት መጠጥ ቤቶች የሚበዙት የእሱ ናቸውና። ሰብሳቢው ጥቅም ያለው ይውጣ ሲል ሁላችንም ወደ ጠርሙሱ ዞርን። ጠርሙሱ እግሩን አነባበረ። ፈቃዱ በእኔ ስም አይደለም፣ በሚስቴ ስም ነው፣ እሷ ደግሞ የኮሚቴው አባል አይደለችም አለ። ተሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቀ። መጠጥ ቤቶቹ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተከፈቱ፤ ያ አንድ ድምፅ የማን እንደሆነ ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም።

እማማ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። አማቴ ናቸው፤ የባለቤቴና የሰብሳቢው እናት። ልጃቸው ሲሞት እኔ በሽታው ይዞኝ ለይቶ ማቆያ ነበርኩ፤ እሳቸው በዕድሜያቸው ምክንያት ከክፍላቸው እንዳይወጡ ታዘው ነበር። በዚያ ሰሞን ለቀብር የሚፈቀደው ከአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዋርሳዬ ሄደ። ከቀብሩ ወዲያ መካነ መቃብሩ ለጠያቂ ዝግ ሆነ፤ የሞተ ይገባል፣ በሕይወት ያለ አይገባም። ስለዚህ ከለይቶ ማቆያ ስወጣ፣ ባል የነበረኝ ሰው ወደማላውቀው ቦታ ሄዷል ተባልኩ፤ ቦታው ደግሞ ቁልፍ አለው።

መጠጥ ቤቶቹ መከፈታቸውን እማማ በሬዲዮ ሰሙ። ሳህን እያጠብኩ ነበር።

«ምነው ልጄን መጠጥ ቤት በቀበሩት» አሉ። «እሱስ ተከፍቷል።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ወደ ሳህኖቹ ተመለስኩ።

እማማ ሌላ ነገር አይጠይቁም ነበር። ምግቡን ብቀያይር፣ ትራሳቸውን ብደላድል፣ ምን ልሥራልዎ ብል፣ መልሳቸው አንድ ነው፦ ልጄን አሳዪኝ። ራስጌው የት እንደሆነ ልየው፣ ከዚያ በኋላ የፈለገው ይምጣ። እርጅናው በየዓመቱ አልነበረም የሚጨምርባቸው፤ በዚያ ሰሞን በየቀኑ ነበር። ከአልጋ ወደ ወንበር ለመድረስ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ በኋላ እኔን መያዝ ጀመሩ። ለራሴ ስል የምፈልገውን ነገር በእሳቸው ስም እየጠራሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም ስላልጠየቀኝ አላስተባበልኩም።

ዋርሳዬ አመሻሽ ላይ ይመጣና ከግቢው ውስጥ፣ ከእናቱ መስኮት ራቅ ብሎ ይቆማል። እማማ የቀብሩን ነገር ንገረኝ ይሉታል። እሱም ይተርካል፦ በቀስታ እንዳወረዱት፣ አፈር በእጁ እንደበተነ፣ ከራስጌው ለጋ ዛፍ እንዳለ። እማማ ድገመው ይሉታል። በተደገመ ቁጥር ነገሩ ይለመልማል። አንድ ጊዜ ሰማዩ ደመና ነበር፤ ሌላ ጊዜ ፀሐይ ወጣ። ቆየት ብሎ ዛፉ ላይ ወፍ መጣች፤ ከዚያ ወፏ ዘመድ አበዛች። ሥራዬ ናሙና ማወዳደር ነው፤ ከአንድ ጉድጓድ ተቀዱ የተባሉ ሁለት ብልቃጦች ሲለያዩ ዓይኔ ቶሎ ያያል። እናቱን ሊያጽናና ብሎ ነው ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ወፏን እኔም ወድጃት ነበር።

መካነ መቃብሩ ይከፈት የሚለውን ሐሳብ ለኮሚቴው ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሐኪማችን ከየትኛውም ቦታ ይልቅ አደጋው የሚያንሰው እዚያ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ነፋስ አለው አለ። ሰብሳቢው ሰው ሲያለቅስ ይተቃቀፋል ብሎ ተከራከረ። ርዕሰ መምህሯ ሲሰክርስ? አለችው። ሰብሳቢው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፈው፤ ሲደርስ ደግሞ እንደገና አስተላለፈው። ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ የደከምኩ አይመስለኝም፤ ሙታን ግብር አይከፍሉም፣ ድምፅም አይሰጡም፣ ስለዚህ ለፖለቲከኛ አይቸኩሉም ብዬ ደምድሜ ነበር። በዚህ ተሳስቻለሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሊቀርብ ሲል የማን ድምፅ ወዴት እንደሆነ አስቀድሜ አወቅሁ። ሐኪሙ፣ ርዕሰ መምህሯና የፖሊስ አዛዡ ከእኔ ጋር ናቸው። እኔ ካለሁ ያልፋል። እኔ ከሌለሁ ድምፁ እኩል ይሆናል፤ እኩል ሲሆን ደግሞ ሰብሳቢው ያለበት ወገን ያሸንፋል። እሱም ይህን ያውቃል።

አጀንዳውን አነበበ። «ጥቅም ያለው ይውጣ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ የላቦራቶሪ ኃላፊዋ ቢወጡልን አለ።

«ጥቅሜ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ይታወቃል።»

«ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊው አይታወቅም። ይነገርና ይያዝ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ባለቤትዎ እዚያ ተቀብረዋል።»

ይህ ነገር በዚያ አዳራሽ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር፤ እንደ ልማዳችንም ጮክ ብሎ ነው የተነገረው። በተከፈቱት መስኮቶች የመኪና ጥሩምባ ገባ። ብዕሬን ከደንኩት።

«እሺ» አልኩ። «አሁን ደግሞ የማተርፈው ይነገረኝ። ቢከፈት ይመለስልኛል?»

«የላቦራቶሪ ኃላፊዋ፣ ደንብ ነው።»

«መጠጥ ቤቶቹ ሲከፈቱስ ምን ነበር?»

«ደንብ ነው አልኩሽ እኮ። ተነሺ።»

በዚያ አዳራሽ አንቺ ብሎኝ አያውቅም። እሱም ራሱን ሰማ፤ ፊቱ ከማስኩ በላይ ያለው ቀላ። እኔ ወንበሬ ላይ እንደነበርኩ ነኝ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ ማስኩን ግን ከአፌ ዝቅ አደረግኩት፣ እንዲሰማ።

«አልነሳም» አልኩ። «ጥቅሙ በሚስቱ ስም የሆነ ሰው ተቀምጦ ድምፅ ሰጥቷል። ባሏ ራሱ አፈር ውስጥ የሆነባት ተነሺ ትባላለች። አልነሳም። የፖሊስ አዛዡ እዚሁ ናቸው፤ ያንሱኝ።»

የፖሊስ አዛዡ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ከዚያ ርዕሰ መምህሯ ቦርሳዋን አነሳች። እናቴ እዚያ ናት፣ ደንቡ ይህ ከሆነ እኔም ጥቅም አለኝ አለችና ወደ በሩ ሄደች። አዛዡ ኮፍያውን ከጠረጴዛው አንስቶ፣ ሁለት ልጆቼን እዚያ ነው ያስገባሁት አለ፤ ልጆቼ የሚላቸው ባልደረቦቹን ነው። ሐኪሙ እኔማ ማንን ልቁጠር ብሎ ተከተለው። የስታዲየሙ ሥራ አስኪያጅ የአጎቱን ነገር አጉተመተመና ወጣ።

ጠርሙሱ ቀረ። አየነው።

«አማቴ አሉ እዚያ» አለ። «ግን እሳቸው በሚስቴ ስም ናቸው።»

የሳቀለት የለም። ቀልድ እኮ ነው እያለ ቀበቶውን አስተካክሎ ወጣ፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው፣ እንደ ሰው።

አዳራሹ ውስጥ እኔና ዋርሳዬ ቀረን።

«አንተስ?» አልኩት። «ወንድምህ አይደለም?»

ይወጣል ብዬ ነበር፤ ወይም ይቆጣል። ተነስቶ መጣና ርቀቱን ጥሶ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በዚያ አዳራሽ በለሆሳስ የተነገረውን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ አላየሁትም።»

«ምኑን?»

«ቀብሩን። ከመኪናው አልወረድኩም።»

በቁራጭ በቁራጭ ነገረኝ። በሩ ድረስ ሄዷል። ነጭ የለበሱት ሰዎች ሲያወርዱት በመኪናው መስኮት መስተዋት አይቷል። እጁ የመኪናውን በር ሊከፍት ሄዶ እምቢ አለው። በሽታው ይዞኝ ወደ እማዬ ብወስድባትስ ብዬ ነው አለ፤ ከዚያ ራሱኑ አረመና፣ አይደለም፣ ለራሴ ፈርቼ ነው አለ። መቃብሩን የሚያውቁት አጠገቡ የቆሙ ብቻ ናቸው። በጥድፊያ በቀለም የተጻፈውን ቁጥር ዝናብ አጥቦታል። በኋላ በሰው አስጠይቆ ነበር፤ ረድፉን ነገሩት፤ ከረድፉ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

«ብቻውን ነበር ማለት ነው» አልኩ።

«አዎ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ ጠርሙሱ በሚስቱ ስም የዘረጋቸው ጠረጴዛዎች ላይ ሰዎች ፀሐይ እየሞቁ ይጠጣሉ። አንዱ ሌላውን ትከሻውን መታ እያደረገ ይስቃል። ዋርሳዬን ልመታው ፈልጌ ነበር። ልይዘውም። ሁለቱንም አላደረግኩም።

«ስታስተላልፈው የነበረው ለዚህ ነው?»

«እማዬ የት ነው ስትለኝ ምን እላታለሁ?»

«አላውቅም ትላታለህ።»

አንገቱን ደፋ። እኔ እንድነግራቸው ፈልጎ እንደሆነ ገባኝ፤ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት።

«እኔ አልነግራቸውም። አንተ ነህ የምትነግራቸው። ደግሞ አንተ ፈራህ ተብሎ ከተማ ሙሉ በር ላይ አይቆምም። ጥራቸው።»

«ሁሉም ጥቅም አለው እኮ፤ ደንቡ…»

«ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ። እንዳወጣኸው አንሳው። ጥራቸው።»

ጠራቸው። ገብተው ሲቀመጡ ቆሞ፣ በዚህ አጀንዳ ላይ ጥቅም የሌለው ሰው በከተማው ስላልተገኘ ደንቡ ለዛሬ አይሠራም አለ፤ የእሱም ወንድም እዚያ እንደተቀበረ ይያዝልኝ አለ። የቀረውን አልተናገረም፤ ለእነሱ የሚነገር አልነበረም። እጅ አወጣን። የስታዲየሙ ሰው ብቻ አልተስማማም፤ ቀድሞ አይከፈት ካልኩ አይከፈት ነው አለ። ጠርሙሱ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ከመቃብር የሚመለስ ሰው መቼም ይጠማዋል አለ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ እጁ ከእኛ ጋር ተቆጠረ። የሰብሳቢው እጅ መጨረሻ ላይ ወጣ። እሁድ ጠዋት፣ እስከ እኩለ ቀን፣ በቤተሰብ በቤተሰብ ተራርቆ ተባለ። ቀጥሎ ስለ ጎዳና ጽዳት ተነጋገርን፤ እኔም ስለ ክሎሪን መጠን የተጠየቅኩትን መለስኩ።

ለእማማ የነገራቸው ከእሁድ በፊት ባለው አመሻሽ ነው። እንደ ወትሮው ግቢው ውስጥ ቆመ። እኔ ልብስ እያጠፍኩ ከኋላቸው ነበርኩ፤ መውጣት ይገባኝ ነበር፣ ግን አልወጣሁም። ሲጨርስ እማማ ቀና አሉ።

«የመኪናው መስተዋት ተዘግቶ ነበር?» አሉ።

«ተዘግቶ ነበር፣ እማዬ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ወፍ ከየት አመጣኸው?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ምሽቱን ሙሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ሂድ የሚለው ስላጣ ይመስለኛል። መብራቱን ላጠፋ ስል እማማ እንደተኙ፣ ነገ የሚደገፉበትን ዱላ በር ላይ እንዳስቀምጥላቸው ነገሩኝ። ቀጥለው፣ ለዚያም ልጅ ንገሪው፣ ሲመጣ መኮትኮቻ ይያዝ አሉ።

እሁድ መካነ መቃብሩ በር ላይ የቆመው ሰው ብዛት የስታዲየም ነበር፤ ድምፁ ግን አልነበረም። ሰዎች አዩኝ። አንዳንዱ እስካለቅስ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሰላም ብያቸው አለፍኩ። እማማ በአንድ እጃቸው ዱላውን፣ በሌላው እኔን ይዘው ነበር። ዋርሳዬ መኮትኮቻውንና አንዲት መቀመጫ ተሸክሞ፣ የሥራ ሱፉን እንደለበሰ፣ ከኋላችን።

ረድፉ ከግንቡ ሥር ነው፤ ረጅም ነው፤ ሳሩ ጉልበት ደርሷል። ራስጌ ላይ የተተከሉት ቆርቆሮዎች ባዶ ናቸው። እማማ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ያለቅሳሉ ብዬ ክንዴን አጠነከርኩ። እሳቸው ግን መቀመጫቸው የመጀመሪያው መቃብር ዘንድ እንዲደረግላቸው አዘዙ።

«ከዚህ እንጀምራለን» አሉ። «አንዱ እሱ ነው። የሌላው እናት ብትመጣም አትቆጣንም።»

ዋርሳዬ ተንበርክኮ ሳሩን መንቀል ጀመረ። እኔ ከጎኑ ተንበረከክሁ። መኮትኮቻው አንድ ስለሆነ ስንቀባበል አረፈድን፤ ሥሩ የጠለቀውን እሱ፣ የቀረውን እኔ በእጄ። አንዱ ሲጸዳ እማማ አፈሩን በዱላቸው ጫፍ ነካ አድርገው «ደህና ሁን» ይላሉ፤ መቀመጫው ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እኔ በእያንዳንዱ ላይ መዳፌን አሳርፌ፣ በልቤ ስሙን ጠርቼ ነው ያለፍኩት፤ ሳላውቀው እንዳላልፈው። የዋርሳዬ ሱፍ ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ ሆነ። አንድ ጊዜ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና መኮትኮቻውን ከእጁ ወሰድኩለት።

እኩለ ቀን ሲሆን ጠባቂው መጣ። ሌሎቹ እየወጡ ነበር። ሰዓቱ አልቋል አለን በትሕትና። ግማሽ ረድፍ ቀርቶናል አልኩት፣ ቀና ሳልል። ሰውየው ግራ ተጋባ፤ ትእዛዙ ላይ የፈረመው ሰው እዚሁ ተንበርክኳልና ወደ እሱ ዞረ። ክቡር ምክትል ከንቲባ፣ እስከ እኩለ ቀን ነው ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ አለው።

ዋርሳዬ ሳሩን ጨብጦ እንደያዘ ቀና አለ።

«ልክ ነህ» አለ። «በሩን ዝጋው። እኛ ውስጥ ነን።»

ጠባቂው እኔን አየኝ፣ እማማን አየ። እማማ ዱላቸውን አንስተው፣ ፈቀቅ እንዲልላቸው አሳዩት። የቆመው ገና ያልደረስንበት መቃብር ራስጌ ላይ ነበር።